ፖምፓው ላይ ያለችው ቆብ

አጎቴ መተሐራ አካባቢ ሽንኩርት ያለማሉ። ምርቱን አዲስ አበባ የሚያመጡት በአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። መኪናዋን ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት በጨረታ ከገዟት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ቆላ ላይ ትሰንፍብኛለች» አሉኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚሰንፈው ደጋ ላይ ነው። እንጦጦን ሲወጣ ይጨንቀዋል፣ ቆላ ሲወርድ ይፈታል። ከአዲስ አበባ አዋሽ የተመላለሰ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። የአጎቴ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነብኝ።

እኔ የምሠራው ጄኔሬተር ጥገና ላይ ነው። ከናፍጣ ሞተር ጋር ነው ውዬ የምገባው። ላንድክሩዘር ላይ ግን ብዙ አልሠራሁም። ቢሆንም «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካት» አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ ግቢያቸው ደረስኩ። ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ብዙ ጠየቅኋቸው። ጎረቤታቸው የሆነ ሌላ ገበሬ አንድ ዓይነት ፒክአፕ አለው። ሞተሩም አንድ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል ጭነው፣ ተከታትለው ነው የሚወጡት። ከመተሐራ ተነስተው ወለንጪቲ እስኪደርሱ ጎረቤትየው ጥሏቸው ይሄዳል። አዳማን ካለፉ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ደብረ ዘይት ላይ እኩል ናቸው። አዲስ አበባ ሲገቡ እንዲያውም የአጎቴ መኪና ጭሷ ያነሰ ነው።

«ዳገቱ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጡት ታጨሳለች?» አልኳቸው።

«ምንም! ጭስ የሚባል የላትም። ለዚያ ነው ሞተሩ ደህና ነው የምለው።»

ይህ መልስ በኋላ ሁሉን ነገር የፈታ ነው። ያን ቀን ግን ልብ አላልኩትም። ሽንኩርት የጫነ አሮጌ ናፍጣ መኪና ዳገት ላይ እስከ ወለሉ ተረግጦ ትንሽ እንኳ ካላጠቆረ ሞተሩ የሚገባውን ናፍጣ እያገኘ አይደለም ማለት ነው።

እኔ ከመድረሴ በፊት አጎቴ ሦስት ቦታ ሄደው ነበር። አንደኛው ጋራዥ የናፍጣ ፊልትሮና የአየር ፊልትሮ ቀየረ። ትክክል ነው፣ ማንም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ለውጥ ግን አልመጣም። ሁለተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) ላይ ያለችውን ክብ ቆብ አየና «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ተርቦ ነበራት፣ ነቅለው ነው የሸጡልዎት» አላቸው። ሦስተኛው ፖምፓው ደክሟል ብሎ ሁለት አማራጭ ሰጣቸው፦ ሙሉ ፖምፓ መቀየር ወይም የናፍጣ መጠን መወሰኛ ብሎኑን አዙሮ ናፍጣ መጨመር። አጎቴ በሁለተኛው ሰው ነገር ተናደው ነበር። ተታለልኩ ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። እውነት ለመናገር እኔም ቆቧን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ተርቦ ነው።

ቆቧን ላስረዳችሁ። የናፍጣ ፖምፓው ሞተሩ ጎን ላይ ተኝቷል፣ ከኋላው ስድስት የብረት ቱቦዎች ወደ ኢንጀክተሮቹ ይወጣሉ። ፖምፓው አናት ላይ የቡና ሲኒ የምታክል ክብ የብረት ቤት አለች። በትንንሽ ብሎኖች ታስራለች። ጎኗ ላይ እርሳስ የማይሞላ ውፍረት ያላት አንዲት አፍንጫ ትወጣለች። አፍንጫዋ ላይ ሁለት ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ አለች። የጎማዋ አፍ ውስጥ የተቆረጠ ብሎን ተሰክቶ፣ በላዩ ቀይ ሲሊኮን ተለብጦበታል። ሲሊኮኑ የፋብሪካ አይደለም። የሰው እጅ ነው።

በናፍጣ አጠብኩት፣ በጨርቅ ጠረግኩት፣ ከአራት ጎን ፎቶ አነሳሁ። ምንም አልፈታሁም። የማላውቀው ነገር ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ወደዚህ ዕቃ ምን ይገባል? ምንስ ይወጣል?

ይህ ፖምፓ ብዙ ተቀጥላ አለው፣ እያንዳንዱ ግን ራሱን ይናገራል። ሞተሩ በቁልፍ ሲጠፋ ናፍጣ የሚዘጋው ቫልቭ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው። በብርድ ጊዜ ሞተሩን በፍጥነት የሚያዞረው ክፍል የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚያልፍባቸው ሁለት ጎማዎች አሉት፤ ውስጡ ያለው ሰም ውኃው ሲሞቅ ያብጣል፣ በዚያው ፍጥነቱን ይመልሳል። ኤሲ ሲበራ ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚያግዘው ደግሞ በቫኪዩም ጎማ ነው የሚሠራው። የኛ ቆብ ሽቦ የላትም። ውኃ የላትም። ዘይትም፣ የናፍጣ መስመርም የላትም። ያላት የአየር ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱም ተደፍኗል።

በአየር ብቻ የሚሠራና ፖምፓ አናት ላይ የሚቀመጥ ነገር እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። ተርቦ ያላቸው ጄኔሬተሮች ላይ አለ። ተርቦው አየር ሲገፋ ከማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚገባበት ቧንቧ) በጎማ የሚመጣው ግፊት ውስጧ ያለውን ስስ ሽፋን ወደ ታች ይጫናል፣ ፖምፓው ናፍጣ ይጨምራል። ስለዚህ የሁለተኛው መካኒክ ግምት የሞኝ ግምት አልነበረም። ማረጋገጥ ግን ነበረብን።

ከሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን የቶዮታ ሰሌዳ አጸዳሁት። ኤችዜድጄ75 ይላል። ኤችዜድ የሞተሩ ስም ነው፣ ጄ ላንድክሩዘር ማለት ነው፣ 75 ደግሞ የአካሉ ዓይነት። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከፋብሪካ ያለ ተርቦ የሚመጣ። ያን ዘመን ተርቦ የነበረው ወንድሙ ዋን ኤችዲ-ቲ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተመታው ጋር አንድ ሆነ። ሞተሩ አልተቀየረም ማለት ነው።

ይህ ብቻ አይበቃም። ዋን ኤችዜድ ላይ በኋላ ተርቦ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ተርቦ ግን አሻራ ሳይተው አይነቀልም። ዘይት ይጠጣል፣ ዘይቱም ወደ ካርተር (ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት ቋት) የሚመለስበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። መኪናዋ ስር ገብቼ በባትሪ ፈለግኩ። የተበሳና የተደፈነ ቦታ የለም። የዘይት ግፊት መለኪያው ጋር የተጨመረ መገናኛ የለም። የጭስ ማኒፎልዱም የፋብሪካው ነው። ወጥቼ «ጋሼ፣ ማንም አላታለለዎትም። ይቺ መኪና ተርቦ ኖሯት አያውቅም» አልኳቸው። ፊታቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል።

ግን ቆቧ ምንድን ናት? አሁንም አላወቅንም።

ፖምፓው ጎን ላይ የሠራው ኩባንያ፣ የዴንሶ፣ ትንሽ ሰሌዳ አለች። በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አነበብኳት። ሁለት ቁጥር አላት፦ አንዱ የዴንሶ፣ አንዱ የቶዮታ። የቶዮታ ቁጥር አነባበብ ለማንም የሚጠቅም ነው። አምስት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ሌላ አምስት አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 22100 የናፍጣ ፖምፓ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ሁለቱ፣ የሞተር ዕቃ ከሆነ፣ የየትኛው ሞተር ቤተሰብ እንደሆነ ይነግራሉ። የኛ 17 ይላል፣ እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የቀሩት ሦስቱ ናቸው አንዱን ፖምፓ ከሌላው የሚለዩት። በ90 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ግን ብሎን፣ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ)፣ ኩሽኔታና የመሳሰለው ነው፤ ከብዙ መኪና ጋር ይጋራል።

ሰኞ ቁጥሮቹንና ፎቶዎቹን ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የማውቃቸው አንድ የዕቃ ነጋዴ አሉ፣ ኮምፒውተራቸው ላይ የቶዮታ ካታሎግ አለ። የሻንሲ ቁጥሩን አስገቡ። ለዚሁ ሞተር፣ ለዚሁ ሞዴል ከአንድ በላይ ፖምፓ ወጣ። የኛ ቁጥር ያለበት መስመር ጎን ያለውን ማብራሪያ ጣታቸውን አስደግፈው አነበቡልኝ፦ የከፍታ ማካካሻ ያለው።

ከዚያ ተነስተው ከመደርደሪያው ስር አንድ ያገለገለ ፖምፓ ጎትተው አወጡ። የዋን ኤችዜድ ነው፣ ከኛ ጋር መንታ ነው፤ አናቱ ግን ጠፍጣፋ ክዳን ነው። ቆብ የለውም። «አብዛኛው እንዲህ ነው። ያንተ ዓይነት አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ለዚህ ነው ልጆቹ የማያውቁት» አሉኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አንዱን በፎቶ አንዱን በእጄ ይዤ ሳይ ጎረቤትየው መኪና ትዝ አለችኝ። የሱ ፖምፓ ጠፍጣፋ ነው። ማታ ደውዬ አረጋገጥኩ።

የቆቧን ሥራ ለመረዳት አየርን ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ግፊቱ ዘጠኝ አሥረኛ ይጠጋል። ፖምፓ ግን ከፍታ አያውቅም። ጠፍጣፋው ፖምፓ እስከ ወለሉ ሲረገጥ መተሐራም እንጦጦም እኩል ናፍጣ ይረጫል። እንጦጦ ላይ የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንስ የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩንም ከመጠን በላይ ያግላል።

ቆቧ ውስጥ የታሸገች የብረት ፊኛ አለች። አውሮፕላን ከፍታውን የሚለካባት ዓይነት ናት። አየሩ ሲሳሳ ፊኛዋ ታብጣለች፣ ከስሯ ያለችውን በትር ወደ ታች ትገፋለች፣ በትሯም የፖምፓውን ማንሻ ነክታ ናፍጣ ታስቀንሳለች። አየሩ ሲወፍር ፊኛዋ ትኮማተራለች፣ ናፍጣው ይመለሳል። የተርቦው ቆብና ይቺ ከላይ ሲያዩዋቸው እህትማማች ናቸው። ልዩነታቸው የተርቦው ጎማ ወደ ማኒፎልድ መሄዱ፣ የዚህችኛዋ አፍንጫ ደግሞ ለውጭ አየር ክፍት መሆኑ ነው። ክፍት መሆን ነበረባት። እኛ ጋ ተደፍናለች።

ይህን ሁሉ አውቄም ስለ ድፍኑ እርግጠኛ አልሆንኩም። እርግጠኛ ያደረገኝ ሃይላንድ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከአጎቴ ጋር ወደ መተሐራ ወረድኩ። አቃቂ ላይ ውኃ ጠጥቼ ባዶውን ሃይላንድ ጥብቅ አድርጌ ከድኜ መሪው ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ወለንጪቲን ስናልፍ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። የሃይላንዱ ወገብ ወደ ውስጥ ገብቷል። በሰቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ማንም ሳይነካው ተጨምድዷል። ውስጡ ያለው የአዲስ አበባ አየር ነው፣ ውጪው የመተሐራ ነው።

«ጋሼ፣ ያቺ ቆብ ልክ እንደዚህ ሃይላንድ ናት» አልኳቸው። አፍንጫዋ ስለተደፈነ ቤቷ ውስጥ የቀረው የአዲስ አበባ አየር ነው። ፊኛዋ መተሐራ ላይ ሆና አዲስ አበባ ያለች ይመስላታል። ስለዚህ ናፍጣውን አትለቅም። ሞተሩ ቆላው የሚሰጠውን ወፍራም አየር ይስባል፣ ናፍጣው ግን የደጋ ራሽን ነው። ጭስ የሌላት ለዚህ ነው። ጎረቤትየው ጥሏቸው የሚሄደውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ራሽኑ ልክ ስለሆነ ማንም ጋራዥ ውስጥ ጉድለቷን ሊያይ አይችልም።

በማግስቱ 12 ጆንያ ሽንኩርት ጫንን። መጀመሪያ እንደተደፈነች ወጣን። በመረጥነው ዳገት ላይ፣ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ በሦስተኛ ማርሽ 45 ላይ ቆመች። ከዚያ በላይ አልሄደችም። ዞረን ወደ ታች ተመለስንና ጥግ ይዘን ቆምን። ሞተሩ እንደሞቀ ነበር። ሲሊኮኑን በምላጭ ቀድጄ ብሎኑን በፒንሳ ይዤ ሳብኩት። ፍስስ አለ፤ አጭር፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ። አጎቴ ጆሯቸውን አስጠግተው ነበርና እሳቸውም ሰሙት። እጄን ይዘው ዝም አሉ።

አቧራ እንዳይገባ የጎማዋን አፍ በስስ ጨርቅ ሸፍነን ያንኑ ዳገት ያዝን። 45ን አለፈች። 50 ሆነች። ዳገቱ ሲያልቅ 55 ላይ ነበረች፣ ከኋላዋም ስስ ጭስ ታየ። አሥር ኪሎ ሜትር በሰዓት ለከተማ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ሽንኩርት ጭኖ ከሲኖትራክ ኋላ ለሚጎተት ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

የተሰካው ብሎን ለምን እንደተሰካ የገባኝ በዚያው ሰዓት ነው። የሰካው ሰው ክፍት አፍንጫ አይቶ አቧራ ወደ ፖምፓው እንዳይገባ ፈርቶ ነው። ለፖምፓው ሳስቶ ነው። የማያውቀውን ቀዳዳ ከመድፈኑ በፊት ግን የዕቃውን ስም መጠየቅ ነበረበት።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላው ምክር ነው፣ ናፍጣ መጨመሪያ ብሎኑን ማዞር። አጎቴ እሺ ብለው ቢሆን ኖሮ መኪናዋ መተሐራ ላይ ይሻላት ነበር። የተሻላትም መስሏቸው ይደሰቱ ነበር። አዲስ አበባ ስትደርስ ግን ናፍጣው ከአየሩ በላይ ይሆናል። ይህ ሞተር ደግሞ ከመጠን በላይ ናፍጣና ሙቀት አይወድም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ናፍጣው መጀመሪያ የሚቀጣጠልባቸው ትንንሽ ክፍሎች ዙሪያ ይሰነጠቃል። የዋን ኤችዜድ ቴስታታ ዋጋ የጠየቀ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

አዲስ አበባ ተመልሰን ፖምፓውን ወደ አንድ የፖምፓ ባለሙያ ወሰድነው። ማሽን ላይ አስረው ፈተኑት። የእጅ ቫኪዩም መሳቢያ አፍንጫዋ ላይ ሰክተው ቀስ እያሉ ሳቡ። የሚረጨው ናፍጣ በመስተዋቱ መለኪያ ውስጥ ሲቀንስ፣ ሲለቁት ሲመለስ አየን። ፊኛዋ ጤነኛ ናት። አንድ ነገር ግን አገኙ፦ ቆቧ ሲከፈት ወለሏ ትንሽ ርጥብ ነበር። በትሯን የምታቅፈው ጎሚኒ አርጅታለች፣ ናፍጣ ታልባለች። ጎሚኒዋን ቀየሩ፣ የቆቧንም ጓርኒሲዮን። የናፍጣ መጠኑን ግን ፋብሪካው ባለበት ተዉት። «ልክ ነው፣ ለምን እነካዋለሁ?» አሉ ባለሙያው። እኔም ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

አፍንጫዋ ላይ አሁን አዲስ ጎማ አለ፣ ወደ ታች ታጥፏል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ አለው። ውኃም አቧራም በቀላሉ አይገባም፣ አየር ግን ይመላለሳል። ቆቧ ጎን ላይ በነጭ ቀለም «አይደፈን» ብዬ ጽፌበታለሁ። መኪናዋ ነገ በማን እጅ እንደምትገባ አይታወቅም።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ከወለንጪቲ ደወሉ። ጎረቤትየው ከኋላቸው ነበር። እኔ የጠየቅኋቸው ስለ ጎማዋ ጫፍ ነው። ናፍጣ ያልብ እንደሆነ ለማየት በየሳምንቱ በነጭ ሶፍት ይነኩታል። ደረቅ ነው አሉኝ።